ለደብረ ብርሃኗ የአክታ ካልቸር ባለሙያ እግዜር ይስጥልን

ስሜን እንዳትጠሩ ብላናለች፤ እሺ ብለናል። ሥራዋን ግን ዝም ብለን አናልፈውም። ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ (ሳንባን ጭምር የሚጎዳ በዘር የሚወረስ ሕመም) ላለበት ወይም ከቲቢ በኋላ የአየር ቧንቧው ሰፍቶ አክታ ለሚበዛበት ሰው ካልቸር (በአክታው ያለውን ጀርም አሳድጎ የመለየት ምርመራ) ከታዘዘ፣ የምንጠቁመው እሷን ነው።

የነዚህ ሰዎች አክታ እንደ ተራ የሳንባ ምች ናሙና አይታይም። በሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሲኤፍቲአር የሚባለው ጂን ስለተበላሸ የሳንባው ንፍጥ ይወፍራል፣ ጠርጎ መውጣት ያቅተዋል፤ ጀርሞቹም ተደራርበው እዚያው ይከርማሉ። በልጅነት ስታፊሎኮከስ ኦሪየስና ሂሞፊለስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይበዛሉ፤ ዕድሜ ሲገፋ ብዙ ጊዜ ሱዶሞናስ የሚባለው ይነግሣል። አንዱ ሌላውን ሸፍኖ ስለሚያድግ አክታውን በአንድ የጀርም ማሳደጊያ ሳህን ብቻ ዘርቶ በማግስቱ የሚያነብ ሰው ያመልጠዋል።

እሷ አክታው እንደገባ መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ ታየዋለች። በዝቅተኛው ማጉያ በአንድ እይታ ከ10 በላይ የአፍ ሽፋን ሴሎች ካሉ ምራቅ ነው፤ ትመልሰዋለች። (ታማሚው ይቆጣል፤ ይቆጣ።) ያለፈውን በአራት ዓይነት የጀርም ማሳደጊያ ምግብ (ሜዲያ)፦ በደም አጋር፣ በቸኮሌት አጋር፣ በማኮንኪና በማኒቶል ሶልት አጋር ላይ ትዘራለች። የመጨረሻው ስታፊሎኮከስን ከሱዶሞናስ ጎርፍ ለማዳን ነው። ቡርክሆልደሪያ ለሚባለው ባክቴሪያ የተለየ ሜዲያ ሲኖራት ደግሞ ሳህኑን እስከ 5 ቀን ታቆየዋለች፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነውና በ48 ሰዓት የሚጥለው ሰው ላያየው ይችላል።

የደም አጋሯ 5 በመቶ የበግ ደም ነው። ጊዜው ያለፈበት የደም ባንክ የሰው ደም ከረጢት የሚጠቀሙ አሉ፤ ደሙ እንዳይረጋ የሚጨመረው ሲትሬትና የለጋሹ ፀረ እንግዳ አካላት እድገቱን ያፍኑታል። ደግሞ በደብረ ብርሃን በግ ጠፍቶ ነው? ሌላው ከፍታው ነው። ከተማዋ ወደ 2,800 ሜትር ስለምትጠጋ የአውቶክሌቩ (ሜዲያውን በእንፋሎት የሚያመክነው ዕቃ) የግፊት ጌጅ 15 ፒኤስአይ ሲያነብ ውስጡ 116 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀራል፤ ለማምከን የሚፈለገው 121 ላይ ለመድረስ ጌጁ 19 ያህል ማንበብ አለበት። ሜዲያ በተበከለ ቁጥር ውኃውን የምንወቅስ ሁሉ መጀመሪያ ይህንን ብናይ።

ውጤቷ ደግሞ! በቅርቡ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ሱዶሞናስ ለይታ ጽፋለች፦ አንዱ ጠፍጣፋና አረንጓዴ፣ ሌላው እንደ ተዘፈዘፈ ተልባ የሚዝለገለግ። ለሁለቱም መድኃኒት ለየብቻ ፈትናለች፤ አንዱን የሚገድል ሌላውን ላይገድል ይችላልና። ከሥር «ኦክስጅን የማይወዱ ጀርሞች በዚህ ምርመራ አይታዩም» ትላለች። ልክ ናት፤ እንደ ፕሪቮቴላና ቬይሎኔላ ያሉት እነዚህ ጀርሞች በደንብ የሚታዩት በጂን ንባብ ነው።

ናሙና ስትሰጡ፦ በጠዋት፣ አፍ በንጹሕ ውኃ ተጉመጥምጦ፣ አዲስ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት፣ ከጥልቅ ተስሎ የወጣ 3 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ አፈ ሰፊ ንጹሕ ዕቃ። በ2 ሰዓት ውስጥ ይድረስ። ከሸዋ ሮቢት የምትልኩ፣ ቆላው እያሞቀው ፈጣኑ ጀርም ዘገምተኛውን ሳይውጠው በክትባት መያዣ ሳጥን አድርጉት፤ በረዶው ዕቃውን እንዳይነካው በጨርቅ ለዩት። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ያለባቸውን ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን አትቀጥርም፤ ጀርሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚሻገር ቀጠሮ አስቀድማችሁ ያዙ።

አድራሻዋን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀን። ውጤቴ ነገ ይድረስልኝ የሚል ግን ወደ እሷ አይሂድ።