ለመዝናኛ ጀልባ የትኛው ባትሪ፦ የእርሳስ አሲድ ወይስ ሊቲየም?

ሞተር ማስነሻው ባትሪ ከፍተኛ ኃይል የሚሰጠው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ በመሆኑ፣ ለዚህ ሥራ የእርሳስ አሲድ ባትሪ ዛሬም ይበቃል። ምርጫው የሚከብደው መብራቱን፣ ፍሪጁንና የውኃ ፓምፑን ለሰዓታት በሚመግበው ላይ ነው። 100 አምፒር ሰዓት የሚይዝ የእርሳስ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፣ ክብደቱም ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል፤ ተመጣጣኙ ሊቲየም አይረን ፎስፌት (አንድ የሊቲየም ባትሪ ዓይነት) ግን ከያዘው 80 በመቶውን ያለ ሥጋት ይሰጣል፣ ክብደቱም ከዚያ ግማሽ ያህል ወይም ያነሰ ነው። ለቀናት መልሕቅ ጥሎ ለሚያድር ሰው ሊቲየሙን እመርጣለሁ። ይሁን እንጂ ሊቲየሙ ከሞተሩ ዲናሞ ብዙ ከረንት ስለሚስብ ዲናሞውን ከመጠን በላይ ሊያግለው፣ የባትሪው መከላከያ ሰርኪዩትም ከረንቱን በድንገት ቢቆርጥ የዲናሞውን ዳዮዶች (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን ክፍሎች) ሊያቃጥላቸው ይችላል። ስለዚህ በዲናሞውና በሊቲየሙ መካከል ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር (ወደ ባትሪው የሚገባውን ከረንት የሚገድብ መሣሪያ) ማስገባት ይገባል፤ ይህን ወጪ ሳይደምሩ የሁለቱን ዋጋ ማወዳደር ራስን ማታለል ነው።