የባትሪ ድንጋዩ ሲያልቅ ፋይሉን የማይዘጋው መቅረጫዬ፦ ከወራት በኋላ

ይህን መቅረፀ ድምፅ ከገዛሁት ወራት አልፈዋል። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ለእጅም ይመቻል። ስለ እነዚህ ብዙ አልጽፍም፤ ማንም ሻጭ ይነግራችኋል። የምጽፈው ሻጭ ስለማያነሳው አንድ ጉዳይ ነው። እየቀረጸ ሳለ ኃይል ከተቋረጠበት ፋይሉን ሳይዘጋ ይጠፋል። ከዚያ ላፕቶፕ ላይ ልትከፍቱት ስትሞክሩ የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ አልከፍትም ይላል።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ እየዞረ ለሚቀርጽ ሰው ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። ደብረ ብርሃን ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ መንዝ ሲወጣ ከፍታው ይጨምራል፤ ጓሳ የሚባለው የመንዝ የሣር ምድር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ተራው የአልካላይን ድንጋይ ብርድ አይችልም። ውስጡ ያለው ኬሚካል ሥራው ይዘገያል፣ ጉልበቱ ይወርዳል፣ መቅረጫውም ድንጋዩ ያለቀ ይመስለዋል። ያንኑ ድንጋይ ኪስ ውስጥ አሙቃችሁ ብትመልሱት እንደገና ግማሽ አለው ብሎ ያሳያል። ቆላ ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ላይ ብትቀርጹ ችግሩን ላታዩት ትችላላችሁ። ደጋ ላይ ግን ጠዋት ጠዋት አይቀርላችሁም።

እኔን ያንገበገበኝ ቀን መንዝ ነበርኩ። አንድ አዛውንት ስለ ጓሳ የቄሮ ሥርዓት፣ ሣሩ በጋራ ይጠበቅበት ስለነበረው የቆየ ደንብ፣ እያወሩልኝ ነው። ጓሳው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይ ነበር። ሣሩ ሲደርስ ሥርዓቱን በሚመራው አባ ቄራ አማካይነት ይከፈትና ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነው ይታጨድ ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ይህ ሥርዓት ፈረሰ። በዚያ ሥርዓት አጨዳው ሲከፈት በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ ዕድሜያቸው ገፍቷል። እኚህ አባት በርኖሳቸውን ደርበው፣ ፀሐይ ገና ሳትሞቅ፣ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነው የሚያወሩት። ስክሪኑ ድንጋዩ ግማሽ አለው ይላል። ወሬው መሃል ላይ ድርግም አለ።

«ምነው ልጄ፣ ቆመብህ እንዴ?» አሉኝ።

«ድንጋዩ ነው አባባ፤ አሁን እቀይራለሁ።»

ቀየርኩ፣ ቀጠልን። የመጀመሪያው ክፍል ግን ማታ ላፕቶፕ ላይ አልከፈት አለ። ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ላይ ስሞክረው ርዝመቱን ዜሮ አለኝ። ሰው እንደገና ያውሩልኝ ብትለው እሺ ይልሃል። ሁለተኛ ጊዜ ሲያወራው ግን ያሳጥረዋል። መጀመሪያ የሣቀበት ቦታ ላይ አይሥቅም። ስለዚህ ያ ፋይል መከፈት ነበረበት።

መቅረጫውን እንዳልመልሰው ያደረገኝ ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ፋይሉ ዌቭ (WAV) የሚባለው፣ ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጠው ዓይነት ነበር። ዌቭ ፋይል መጀመሪያው ላይ አጭር መግለጫ አለው፤ ቀላሉ 44 ባይት ብቻ ነው። በሴኮንድ ስንት ናሙና እንደተወሰደ፣ ስቴሪዮ ይሁን ሞኖ፣ ድምፁ ምን ያህል እንደሆነ እዚያ ይጻፋል። መቅረጫው ወሬው መቼ እንደሚያልቅ አያውቅምና የርዝመቱን ቦታ መጀመሪያ ባዶ ይተወዋል። ስቶፕ ስትጫኑ ተመልሶ ይሞላዋል። ኃይል ከተቋረጠ ያ ቁጥር ሳይሞላ ይቀራል፤ ፕሮግራሙም ውስጡ ምንም የለም ብሎ ይመለሳል። ድምፁ ግን አለ። ጆንያው ላይ የተጻፈው ነው የጠፋው፤ እህሉ አልፈሰሰም።

መኖሩን የምታውቁት በፋይሉ ክብደት ነው። እኔ የምቀርጸው በ48,000 ኸርዝ (በሴኮንድ 48,000 ናሙና)፣ በ24 ቢት (ናሙናው 3 ባይት)፣ በስቴሪዮ (በሁለት መስመር) ነው። ይህ በየሴኮንዱ 288,000 ባይት ይወስዳል፤ በሰዓት አንድ ጊጋ ገደማ። የፋይሉን መጠን በ288,000 ስታካፍሉት ስንት ሴኮንድ ድምፅ እንዳለበት ታገኛላችሁ። የአዛውንቱ ፋይል ባዶ አልነበረም። ስሌቱ ከተቀመጥንበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ያን ሳይ ልቤ ተመለሰ።

ከዚያ የሚደረገው ይህ ነው። መጀመሪያ ፋይሉን ወደ ላፕቶፕ ገልብጡና በቅጂው ላይ ብቻ ሥሩ። ካርዱን አውጥታችሁ አስቀምጡት፤ ሌላ ነገር አትቅረጹበት። ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አለ። እሱ ላይ «ፋይል» ውስጥ «ኢምፖርት»፣ ከዚያ «ሮው ዳታ» የሚል ታገኛላችሁ። ይህ መንገድ መግለጫውን ከቁብ አይቆጥረውም፤ ያለውን ባይት ሁሉ እንደ ድምፅ ያነባል። ስለዚህ መግለጫው የሚነግረውን እናንተ ትነግሩታላችሁ፦ 24 ቢት ፒሲኤም (ያልተጨመቀ ድምፅ ማለት ነው)፣ ሊትል ኤንዲያን (የባይቶቹ ቅደም ተከተል)፣ ስቴሪዮ፣ 48,000። መቅረጫችሁ በምን እንደተስተካከለ ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አንዱን ብትስቱ ጆሯችሁ ይነግራችኋል። 48,000ውን በ44,100 ከከፈታችሁት ወሬው ይንቀራፈፋል፣ ድምፁም ይወፍራል። ስቴሪዮውን ሞኖ ካላችሁት ርዝመቱ እጥፍ ይሆናል። 24 ቢቱን 16 ካላችሁት ደግሞ ጩኸት ብቻ ነው። ሁሉም ትክክል ሆኖ አሁንም የሚያንሿሿ ከሆነ ንባቡ የጀመረው ናሙናው መሃል ላይ ነው። የመነሻ ባይቱን ከዜሮ ወደ 1፣ ወደ 2 እያላችሁ ሞክሩ። በ24 ቢት ስቴሪዮ አንድ ዙር 6 ባይት ስለሆነ ከ5 በላይ መሄድ አያስፈልግም። መጀመሪያ ላይ ቀጭ የምትል ድምፅ ትሰማላችሁ። እሷ መግለጫው ናት፤ ቁረጧት። ከዚያ አዲስ ዌቭ አድርጋችሁ አስቀምጡት። እኔ ይህን ሁሉ አልፌ «እንግዲህ ጓሳው ሲከፈት…» የሚለውን ድምፃቸውን ስሰማ ከወንበሬ ብድግ ነው ያልኩት። ጥርት ብሎ ነበር። ከጀርባው ያለው የበግ ድምፅ ሳይቀር ይሰማል።

ወዳጆቼ «ስልክህ አይበቃህም? ለምን ብር አወጣህ?» ይሉኛል። መልሴ ይኸው ነው። ብዙ ስልኮች የሚያስቀምጡት ኤምፎርኤ (M4A) በሚባል የፋይል ዓይነት ነው። የኤምፎርኤ ፋይል ማውጫ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በመጨረሻ፣ ቀረጻው ሲያልቅ ነው። ስልኩ መሃል ላይ ከጠፋ ማውጫው አይኖርም። ድምፁ ደግሞ የተጨመቀ ነው፤ ያለ ማውጫው የትኛው ቁራጭ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። በሮው ዳታ ብትከፍቱት የምትሰሙት ጩኸት ነው። በዚያው ስልክ የተቀረጸ ጤነኛ ፋይል ይዘው የሚጠግኑ ፕሮግራሞች አሉ፤ ግን መንገዱ ረጅም ነው፣ ሁልጊዜም አይሳካም። የአዛውንቱን ወሬ በስልክ ቀርጬው ቢሆን ኖሮ ሄዶ ነበር። ለዚህ ሲባል ያወጣሁት ብር አይቆጨኝም።

ሻጩን ግን አልለቀውም። አጠገቤ ቢሆን «ድንጋዩን በጊዜ ቀይራ፤ ዕቃው ምን አደረገ?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ስክሪኑ ግማሽ እያለኝ በየት በኩል ነው በጊዜ የምቀይረው? ጉልበት ሲወርድ ፋይሉን ራሳቸው ዘግተው የሚጠፉ መቅረጫዎች አሉ። ያልተዘጋ ፋይል ያለበት ካርድ ሲገባላቸው ራሳቸው የሚጠግኑም አሉ። የእኔው ሁለቱንም አያደርግም። ሻጩ ስለ ማይኩ ሲያወራ ቆይቶ ስለዚህ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከ32 ቢት ፍሎት ጋር ያለው ሌላኛው ሞዴል ይሻልሃል ብሎም ሊያስጨምረኝ ሞክሮ ነበር። ያ በጣም ጮክ ያለ ድምፅ እንዳይበላሽ ይረዳል እንጂ ላልተዘጋ ፋይል መድኃኒት አይደለም። እንዲያውም አንዳንድ የቆዩ የኤዲቲንግ ፕሮግራሞች 32 ቢት ፍሎትን ጭራሽ አይከፍቱም።

አልከፈት ያለ ፋይል ሁሉ ግን የተበላሸ አይደለም። ከዘመድ ወዳጅ የሚላክልኝ ድምፅ ብዙው ደህና ነው፤ ዓይነቱ ነው የሚለየው። የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ኦፐስ ነው። የቆዩ ስልኮች ኤኤምአር ይልካሉ። ኦዳሲቲ ኤምፎርኤና ኤኤምአር እንዲከፍት ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው ተጨማሪ ነገር ላፕቶፑ ላይ መጫን አለበት፤ እሱ ከተጫነ አብዛኛው ጣጣ ያልቃል። የፋይሉን ስም ጫፍ ከኤምፎርኤ ወደ ዌቭ መቀየር ግን ምንም አያመጣም፤ ውስጡ ያው ነው። ዓይነቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ ሚዲያኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ይነግራችኋል። አንዳንድ ያረጁ ፕሮግራሞች ደግሞ የፋይሉ ወይም የፎልደሩ ስም በአማርኛ ከተጻፈ ይደናገራሉ። ስሙን በላቲን ፊደል ቀይራችሁ ሞክሩ፤ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን አጠቃቀሜ ተለውጧል። ወደ መንዝ ስወጣ የሊቲየም ድንጋይ እይዛለሁ። ዋጋው ይወደዳል፣ ብርዱን ግን ይችላል። ቻርጅ የሚደረገውን ኒኬል ድንጋይ ስጠቀም መቅረጫው ላይ የድንጋዩን ዓይነት እቀይራለሁ። የአልካላይኑ 1.5 ቮልት ነው፣ የኒኬሉ 1.2፤ ይህ ካልተነገረው የሚያሳየው መጠን የተሳሳተ ነው። ወሬው ሲረዝም ትንፋሽ በሚወሰድበት፣ ቡና በሚቀዳበት ሰዓት ስቶፕ ብዬ አዲስ እጀምራለሁ። ሽማግሌዎቹም ለምደውታል። «ዝጋና ክፈት እንጂ» ይሉኛል ራሳቸው።

ዛሬ ብትጠይቁኝ ይህንኑ እገዛለሁ ወይ? የአዛውንቱን ድምፅ እየሰማሁ ከሆነ አዎ እላለሁ። ያን ማታ ሳስታውስ ደግሞ ትንሽ ጨምሬ ፋይሉን ራሱ የሚዘጋውን እወስድ ነበር እላለሁ። እናንተ ሱቅ ስትገቡ ግን ማይኩን ከማድነቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። እየቀረጸ ሳለ ድንጋዩን አስወጡት፣ መልሳችሁ አስገቡ፣ ፋይሉ ከተከፈተ ግዙ። ሻጩ አይሞከርም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።