ዲጂቲ 3000 የቼዝ ሰዓት ለኦፕን ቶርናመንት

ኦፕን ቶርናመንት (ለሁሉም ክፍት የሆነ የቼዝ ውድድር) ለምትጫወቱ ይሄን ሰዓት ከልቤ ነው የምመክረው። ሰዓቱን ደቂቃውን ሰከንዱን ከመጀመሪያው ሙቭ (እንቅስቃሴ) ጀምሮ አንድ ላይ ያሳያል፣ ባለ መርፌው የድሮው ላይ ግን ባንዲራዋ (ጊዜ ሲያልቅ የምትወድቀው ምልክት) ልትወድቅ ስንት እንደቀራት በግምት ነበር እኮ።

ዋናው ነገር ኢንክሪመንቱ ነው፣ ማለትም በየሙቩ የሚጨመርላችሁ ሰከንድ። 90 ደቂቃ ሲደመር በየሙቩ 30 ሰከንድ ከሆነ ራሱ እየጨመረ ይሄዳል፣ ስለዚህ በአንድ ወታደር በልጣችሁ የግንብ ኢንድጌም (ጥቂት ጠጠር ብቻ የቀረበት የጨዋታው መጨረሻ) ውስጥ ገብታችሁ 40 ሰከንድ ብቻ ቢቀራችሁም ንጉሣችሁን ረጋ ብላችሁ ወደ መሃል ማምጣት ትችላላችሁ፣ ያለ ኢንክሪመንት ቢሆን እንዲህ ያለ ያሸነፋችሁት ጨዋታ በሰዓት ብቻ ይበላል፣ ያ ደሞ በጣም ያሳዝናል። ብቻ 30 ሰከንድ ካለ በፊዴ (የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን) ሕግ እስከ መጨረሻው ድረስ እያንዳንዱን ሙቭ ወረቀት ላይ መጻፍ ግዴታ ነው (ብዙ ሰው ሲጣደፍ ይሄን ይረሳል)፣ ሰዓቱንም የምትጫኑት ሙቩን በተጫወታችሁበት በዛው እጅ ነው።

ሴቲንጉ ለጀማሪ ትንሽ ያስቸግራል፣ በተለይ የራሳችሁን ታይም ኮንትሮል (ለጨዋታው የሚሰጠውን ደቂቃና ኢንክሪመንት) በማኑዋል ስታስገቡ። የተለመዱት ግን ሰዓቱ ውስጥ በቁጥር ቀድመው ስለተሞሉ የምትፈልጉትን ቁጥር መርጦ ማስጀመር ነው። ለክለብም ለግልም ይሆናል፣ ግዙት።