ጎንደር፦ የእናቴን ቤት የመብራት መስመር ያስለካሁበት አገልግሎት

ከለንደን ለመስቀል ስገባ ዋናው ጉዳዬ የእናቴ ቤት የመብራት መስመር ነበር። ክረምቱን ሙሉ በስልክ «ምጣዱ ነዘረኝ» ስትለኝ ከርማለች። ቤታችን ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ ብሎኬት ነው፤ አንዳንድ ቦታ ሽቦው ያለ ቱቦ ልስኑ ውስጥ ተቀብሯል።

መጀመሪያ የመጣው ኤሌክትሪሻን በቴስተር ካቻቪቴ ሶኬቶቹን ነካ ነካ አድርጎ «ሁሉም ይሠራል» አለና ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ካቻቪቴው የሚያሳየው ኮረንቲ መኖሩን ነው። የሽቦው ሽፋን መድከሙን፣ ኮረንቲ ወደ ግድግዳ ማፍሰሱን አይናገርም። ተራው መልቲሜትርም በትንሽ ባትሪ ስለሚለካ የደከመውን ሽፋን ደህና ነው ብሎ ሊያሳልፈው ይችላል።

ሁለተኛው ልጅ የሽቦ ሽፋን መድከሙን የሚለካውን መሣሪያ፣ ሜገር ይዞ መጣ። በቀጠሮው ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት ነው የደረሰው፤ መሰላልም ከጎረቤት ተውሰንለታል። ደግነቱ ሲደርስ መብራት ጠፍቶ ነበር። ደግነቱ የምለው ይህ ሥራ መብራት ስለማይፈልግ ነው፤ መስመሩ መዘጋት አለበት፣ መሣሪያው ደግሞ በራሱ ባትሪ 500 ቮልት ያመነጫል። ዋናውን ብሬከር ዘጋ፣ አምፖሎቹን ፈታ፣ ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑንና ምጣዱን ነቀለ። እናቴ ሊጥ አቡክታ ስለነበር «ልጄ፣ እንጀራዬን ልታስቀርብኝ ነው?» ብትለው «እማማ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» ብሎ ቀጠለ። ኮረንቲ የሚያመጣውን ሽቦ (ፌዙን) እና የሚመልሰውን (ኑትራሉን) አንድ ላይ አስሮ ወደ መሬት ሽቦው ለካ፤ የተረሳ ዕቃ ቢኖር እንኳ 500ው ቮልት በሆዱ እንዳያልፍበት ነው።

ለእኛ ዓይነት ባለ 220 ቮልት መስመር ዓለም አቀፉ ደረጃ የሚጠይቀው ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም ነው፤ ቁጥሩ በበዛ መጠን ሽፋኑ ደህና ነው ማለት ነው። የእኛ ቤት በጠቅላላ 0.3 አሳየ። ሙያውን ያየሁት እዚህ ላይ ነው። «ሽቦው በሙሉ ይቀየር» ሊለኝ ይችል ነበር፤ እሱ ግን መስመሮቹን አንድ በአንድ እየለየ ለካ። ሳሎኑና መኝታ ቤቱ ከ100 በላይ ሆኑ፤ የወደቀው የኩሽናው መስመር ብቻ ነው። ኮርኒሱን ገልጦ ሲያይ፣ ቆርቆሮው በሚያፈስበት በኩል በቴፕ የተጠቀለለ የሽቦ መጋጠሚያ ረጥቦ አገኘ። ከእያንዳንዱ ልኬት በኋላ ሽቦው ላይ የቀረውን ኮረንቲ ወደ መሬት ያወርድ ነበር፤ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር ነው።

የነዘራት ግን ራሱ ምጣዱ ነው። ሶኬቱ ባለ ሁለት እግር ስለሆነ ብረቱ ከመሬት ሽቦ ጋር አልተገናኘም። ያንንም ለወጠ፤ ኮረንቲ ሲያፈስ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ ብሬከርም አስገባ። ለምጣዱ መስመር ውፍረቱ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ አዘዘን። አራዳ የገዛንበት ሱቅ ባለ 2.5ቱን ሊያሲዘን ቢሞክርም እምቢ ስንለው ሳያንገላታ ለወጠልን።

ኩሽናውን ጨርሶ እንደገና ሲለካው ከ100 በላይ ወጣ። የየመስመሩን የበፊትና የአሁን ቁጥር ከነቀኑ በወረቀት ጽፎ ቆጣሪው ሳጥን ውስጥ አስቀመጠ። እንግሊዝ አገር በፈረንጆቹ 2020 የወጣው ደንብ የኪራይ ቤት መስመር ቢያንስ በየ5 ዓመቱ እንዲመረመር አከራዩን ያስገድዳል፤ እኔ በምከራይበት ቤት የሚሰጠኝ ሪፖርት ብዙ ገጽ ነው፣ ለእናቴ ግን ይህች አንድ ቅጠል ትበቃታለች። ዋጋው ከመጀመሪያው ሰውዬ በብዙ ይበልጣል፤ አልቆጨኝም። የከፋኝ ማርፈዱ ብቻ ነው።

ቤተሰብ ቤት የምታስለኩ ካላችሁ ክረምቱ እንደወጣ፣ ግድግዳው ሳይደርቅ አስለኩ። ጥር ላይ ደረቁ ቤት ጥሩ ቁጥር ሰጥቶ ሊያታልላችሁ ይችላል። ስትቀጥሩም «ሜገር አለህ ወይ? ቁጥሩን ጽፈህ ትሰጠኛለህ?» በሉ። የመሬት ሽቦው የሚታሰርበትን፣ ምድር ውስጥ የተቀበረውን ዘንግ ጥራት ሜገር እንደማይለካ፣ ሌላ መሣሪያ እንደሚፈልግ ልጁ ራሱ ሳልጠይቀው ነግሮኛል፤ ያንን ልኬት ለፋሲካ ቀጥረናል።