«ክሪክ? ክራክ!»፦ 9 የሄይቲ ታሪኮች

በሄይቲ ተረት ሲነገር ተራኪው «ክሪክ?» ሲል አድማጩ «ክራክ!» ይላል፤ የእኛው «ተረት ተረት»፣ «የላም በረት» ዓይነት። በዚሁ የተሰየመው የሄይቲ-አሜሪካዊቷ ደራሲ የኤድዊጅ ዳንቲካ የአጫጭር ልቦለዶች መድበል የታተመው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው።

የመጀመሪያው ታሪክ በጀልባ የሚሰደድ ወጣትና አገር ቤት የቀረች ፍቅረኛው የማይደርሱ ደብዳቤዎች ናቸው። የእሷ ቃል በእንግሊዝኛው በትንንሽ ፊደላት ብቻ ተጽፏል፤ ይህን ያላስተዋለ ድምፆቹን ያምታታል። (በአማርኛ ዘዴው አይሠራም፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውማ!)

ከሁሉ የሚልቀው ግን በስኳር ፋብሪካ መጸዳጃ ቤት የማጽዳት ጊዜያዊ ሥራ ያገኘው አባት ታሪክ ነው። እሱ የባለሀብቶቹን የሚበር ባሉን ሲመኝ፣ ልጁ ለትምህርት ቤት ቴአትር የባሮች አመፅ መሪውን የቡክማንን ንግግር ይሸመድዳል።

ስለ 1937ቱ (እ.ኤ.አ.) ጭፍጨፋ የሚተርከውን ከማንበብ በፊት የጎረቤቷ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ገዢ ትሩሂዮ ሄይቲያውያንን በድንበር ማስጨፍጨፉን ማወቅ ያሻል፤ አለዚያ እናትና ልጅ ወደ ድንበሩ ወንዝ የሚሄዱበት ምክንያት አይገባም። የኒውዮርኩ የሠርግ ታሪክ ይንዛዛል።