ኤስኤስዲ ወይስ ሃርድ ዲስክ? ለቤት ኮምፒውተር የቱን ልግዛ ለምትሉኝ

ኮምፒውተር የሚያስገጥም ጓደኛ ሁሉ ፕሮሰሰሩንና ራሙን ጨርሶ ይመጣና መጨረሻ ላይ ይህችን ይጠይቀኛል። «1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ልግዛ ወይስ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ? ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው።» ሁለቱም ፋይል የሚቀመጥባቸው ዕቃዎች ናቸው፤ ሃርድ ዲስክ በሚሽከረከር ሳህን ላይ፣ ኤስኤስዲ በቺፕ ላይ ያስቀምጣል። 1 ቴራ 1,000 ጊጋ ነው። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። አዲስ፣ ስሙ የታወቀ፣ 500 ጊጋ አካባቢ የሆነ ኤስኤስዲ ግዙ። ሃርድ ዲስኩ በኋላ ይደርሳል።

ስለ ፍጥነት ብዙ አልልም። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያነበው እዚህም እዚያም የተበተነ ጥቃቅን ፋይል ነው። ሃርድ ዲስክ ለእያንዳንዷ ፋይል ክንዱን እያንቀሳቀሰ መፈለግ አለበት። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ የሆነ ያገለገለ ዴስክቶፕ እንኳ ኤስኤስዲ ሲገባለት ሌላ ኮምፒውተር ይሆናል።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የትናንት ዋጋ ለዛሬ አይሠራም። ስለዚህ የዕቃውን ዋጋ ሳይሆን የአንዷን ጊጋ ዋጋ አስሉ። ለስሌት ያህል 256ቱን 4,000 ብር፣ 512ቱን 6,500 ብር አሉን እንበል። የመጀመሪያው በጊጋ ወደ 16 ብር ይመጣል፤ ሁለተኛው ከ13 ብር በታች ነው። 256 ደግሞ ዊንዶውስና ሁለት ትልልቅ ጌም ሲገባበት ያልቃል። በሃርድ ዲስክም ትንሹ አያዋጣም። ሞተሩ፣ ቦርዱና ቆርቆሮው ለ500 ጊጋም ለ1 ቴራም ያው ስለሆነ ዋጋው ከመጠኑ ጋር እኩል አይወርድም።

«አዲስ ነው፣ ግን ረከስ ያለ» የሚባለው ሃርድ ዲስክ ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ጓደኛዬ በላስቲክ የታሸገ፣ ላዩ የሚያብረቀርቅ 2 ቴራ ገዝቶ ይዞልኝ መጣ። ሰክተን የዲስክን ሁኔታ የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ፕሮግራም ስንከፍት የሠራበት ሰዓት ከ40,000 በላይ ነው። ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ዞሯል ማለት ነው። የደኅንነት ካሜራ መቅጃ ውስጥ የኖረ ዕቃ እንዲህ ነው የሚሆነው። ሻጩ «አንዴ ከወጣ አይመለስም» አለው። ብሩ በዚያው ቀረ።

የሥራ ሰዓቱ ዜሮ ቢልም ሙሉ በሙሉ አትመኑ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ጀርመን ውስጥ እንደ አዲስ የተሸጡ፣ ሲጌት የተባለው ኩባንያ የሚያመርታቸው ሃርድ ዲስኮች የሥራ ሰዓታቸው ተደምስሶ ተገኝተዋል። እውነተኛውን ሰዓት ያሳየው ፋርም የሚባለው የዲስኩ የራሱ መዝገብ ነው። አውሮፓ ላይ ይህ ከሆነ እኛ ዘንድ ጠርጥሮ መግዛት ነው የሚያዋጣው።

ከዚህ የባሰው «16 ቴራ ኤክስተርናል ኤስኤስዲ» እየተባለ በርካሽ የሚሸጠው ነው። አንዱን ፈትቼዋለሁ። ውስጡ ትንሽ የሚሞሪ ካርድ፣ ሙጫና ክብደት የሚሰጥ ብረት ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ 16 ቴራ ብሎ ይታያል። ፎቶ ስትጭኑበት ይቀበላል። እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ ግን ቀጥሎ የገባው ፋይል ስሙ ብቻ ይቀራል፤ አይከፈትም። የልጅ የልደት ቪዲዮ እንዲህ ሲጠፋ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የምትባል ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን ሞልታ መልሳ ስታነብ ውሸቱን ታወጣዋለች።

ጥገናው ላይ ሃርድ ዲስክ ይሻላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ በሚፈጠረው ኃይል ቦርዱ ቢቃጠል ጎበዝ ጠጋኝ ያድነዋል። ከሌላ ዲስክ ቦርድ ቢያዞር ግን የዲስኩን መረጃ የያዘችውን ቺፕም አብሮ ማዞር አለበት። ከመሞቱ በፊትም ብዙ ጊዜ ቀጭ ቀጭ እያለ ያስጠነቅቃል። ኤስኤስዲ ድምፅ ሳያሰማ አንድ ቀን ይጠፋል፤ ያኔ ፋይሉን ማውጣት እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ኤስኤስዲ የገዛ ሰው አስፈላጊ ፋይሉን ሌላ ቦታ መገልበጥ አለበት። የተረፈ ብር ካለ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ ለሚያቆየው ባትሪ፣ ለዩፒኤስ ይዋል።

«ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል» የሚሉትን አትስሙ። የኪንግስተን ኤ400 ባለ 480 ጊጋው ዋስትና እስከ 160 ቴራባይት መጻፍ ነው። በቀን 30 ጊጋ ብትጽፉ እንኳ ከ14 ዓመት በላይ ነው። የሳምሰንግ 870 ኢቮ ባለ 500ው 300 ቴራባይት ይላል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ አስመስሎ የተሠራው ስለሚበዛ ግን በሳምሰንግ ማጂሺያን ፕሮግራም አረጋግጡ።

ኤም ዶት ቱ የምትባለውን፣ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ቦርድ) ላይ በቀጥታ የምትሰካ ቀጭን ኤስኤስዲ የምትገዙ ከሆነ ቦርዱ ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ፈጣኑን ዓይነት መቀበሉን አስቀድማችሁ እዩ። ሳታ የሚባለውን ቀርፋፋውን ዓይነት ብቻ የሚቀበል ቀዳዳ አለ፤ ቅርጹ ይመሳሰላልና ብዙ ሰው ይሸወዳል። ከአሜሪካ ወይ ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካለ ይህችኑ ላኩት። አብዛኛውን ጊዜ ርዝመቷ 8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ኪስ ውስጥ ትገባለች።

ሃርድ ዲስክ የግድ የሚሆነው የሰርግ ቪዲዮ ለሚያዘጋጅ ወይም ብዙ ቴራ ለሚያከማች ሰው ነው። እሱም ቢሆን መረጃው የሚጻፍባቸው መስመሮች የማይደራረቡበትን፣ ሲኤምአር የሚባለውን ይጠይቅ። መስመሮቹ የሚደራረቡበት ኤስኤምአር ትልቅ ፋይል ሲገለበጥበት መሃል ላይ ፍጥነቱ ይሞታል። ሳጥኑ ላይ ላይጻፍ ስለሚችል የሞዴሉን ቁጥር ከአምራቹ ገጽ ላይ ፈልጉ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎንም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ብሩን ሳትቆጥሩ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍቱ። ሻጩ አልሰካም ካለ ቀጣዩ ሱቅ ግቡ።