«ውሻ ይፈቀዳል» የሚል የካቢን ማስታወቂያ አይታችሁ ከመክፈላችሁ በፊት

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የምትኖሩ፣ ቅዳሜና እሁድን ከነውሻችሁ በሼናንዶዋ ተራሮች ሥር ካቢን ተከራይታችሁ ለማሳለፍ የምታስቡ ወገኖች፣ እኔና ቤተሰቤ ባለፈው ኦክቶበር የገባንበት ጣጣ እናንተን እንዳያገኛችሁ ይህን ማስጠንቀቂያ ጽፌያለሁ። የአከራዩን ስም አልጠቅስም። ከእኔ በፊት ሁለት ወዳጆቼ በሌላ ቦታ በሌላ አከራይ እጅ ተመሳሳይ ነገር እንደደረሰባቸው ስለነገሩኝ፣ የአንዱን ስም ማወቅ ከሌላው አያድናችሁም፤ ማወቅ ያለባችሁ አሠራሩን ነው። አሠራሩም ማስታወቂያው ላይ ውሻ እንደሚፈቀድ በትልቁ ይጻፍና ገንዘባችሁ ከተወሰደ በኋላ፣ ያውም ሰርዛችሁ ገንዘባችሁን ማስመለስ የምትችሉበት ቀን ካለፈ በኋላ፣ ስለ ውሻው የሚናገረው እውነተኛው ውል ይላክላችኋል።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። ውሻችን ቡቺ ጥቁር፣ ጸጉረ አጭርና 46 ፓውንድ የሚመዝን ሲሆን፣ ልጆቼ ያለ እሱ የትም አንሄድም ስላሉ እሱን የሚቀበል ካቢን ስንፈልግ ሉሬይ ከተማ አጠገብ፣ ከአሌክሳንድሪያ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ የሚርቅ አንድ የእንጨት ቤት አገኘን። ማስታወቂያው የአንድ አዳር ዋጋ 175 ዶላር እንደሆነ፣ ግቢው በሙሉ የታጠረ እንደሆነ፣ የውሻ ክፍያው 75 ዶላር እንደሆነና ከበሩ ወጥተን «በሼናንዶዋ ፓርክ መንገዶች ሁሉ» ከውሻችን ጋር መጓዝ እንደምንችል ይገልጽ ነበር። ለሦስት አዳር 525 ዶላር ይሆናል ብለን ስንገባ መጨረሻው ገጽ ላይ የጽዳት 140፣ የአስተዳደር ደግሞ 68 ዶላር ተጨመረ። ወቅቱ ቅጠሉ ቀለሙን የሚቀይርበትና ቤት የሚጠፋበት ጊዜ ስለነበር ሳንከራከር በክሬዲት ካርድ ከፈልን። በዚያው ዕለት አከራዩ መልእክት ልኮ 300 ዶላር የመያዣ ገንዘብ በዜል፣ ማለትም ከባንክ ሒሳብ ወደ ባንክ ሒሳብ በስልክ ገንዘብ በሚላክበት አገልግሎት፣ እንድናስገባለት ጠየቀን። ሁሉም እንግዳ እንዲህ እንደሚያደርግና ገንዘቡ በወጣን ማግስት እንደሚመለስ ስላረጋገጠልን አስገባን። ከሁሉም ስህተቶቼ አሁንም የሚቆጨኝ ይህኛው ነው።

የኪራይ ውሉ የተላከልን ለጉዞው አሥር ቀን ሲቀረው ነው። የስረዛው ቀነ ገደብ ደግሞ ከጉዞው አሥራ አራት ቀን በፊት ነበር። ዘጠኝ ገጽ ያለው ውል ስድስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ የውሻው ክፍያ 75 ዶላር የተባለው «በየአዳሩ» እንደሆነ፣ ከ40 ፓውንድ በላይ የሚመዝን ውሻ እንደማይፈቀድ፣ ውሻው ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ብቻውን ቤት ውስጥ መቅረት እንደሌለበት፣ ጸጉር ወይም ሽታ ከተገኘ የሚከፈለውን መጠን አከራዩ ብቻ እንደሚወስን ይናገራል። ወዲያው ደወልኩለት። በጣም ትሁት ሰው ነው፤ «ስድስት ፓውንድ ምን አላት፣ ችግር የለም፣ ፈርመህ ላክልኝ» አለኝ። እኔም ያንን ንግግር በጽሑፍ ሳልጠይቀው፣ ከፊርማዬ ጋር የቡቺን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የምስክር ወረቀት አያይዤ ላክሁ። ክብደቱ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ በኋላ የተከሰስኩት በዚሁ በገዛ ሰነዴ ነው። የቀሪዎቹ ሁለት አዳሮች የውሻ ክፍያ 150 ዶላርም በዚያው ሳምንት ከካርዴ ተቆረጠ። ለጥየቃ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ዘንድ የነበረችው እናቴ ሒሳቡን ስትሰማ «ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ በአዳር ይከራያል እንዴ?» አለችኝና መልስ አጣሁላት።

አርብ ማታ ስንደርስ «የታጠረው ግቢ» ከፊት ለፊት ብቻ የእንጨት አጥር ያለው፣ ከኋላው ግን እስከ ጫካው ድረስ ክፍት የሆነ ቦታ ሆኖ አገኘነው። ፎቶው የተነሳው አጥሩ ብቻ እንዲታይ ተደርጎ ነው። ከዚህ የከፋው ግን ሳሎን ውስጥ የገጠመን ነው። ቡቺ ሶፋው ሥር አፍንጫውን ከትቶ አልነሳም ሲል ልጄ በስልኳ መብራት ብታይ አረንጓዴ የአይጥ መርዝ እንክብል ተበትኖ አየች። ይህን የማታውቁ ካላችሁ ብዙ ዓይነት የአይጥ መርዝ የሚሠራው ደም እንዳይረጋ በማድረግ ነው፤ ውሻው በበላው ዕለት ደህና መስሎ ይቆይና ምልክቱ የሚታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ የውስጥ መድማት ከጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ፍሬ እንኳ መዋጡን ከጠረጠራችሁ ምልክት ሳትጠብቁ፣ የመርዙን ማሸጊያ ወይም ፎቶውን ይዛችሁ በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም መሮጥ አለባችሁ። ቡቺ አልነካውም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ ግን የመጀመሪያውን ማታ ያሳለፍነው እሳት ዳር ሳይሆን በጉልበታችን ተንበርክከን ወለል በመፈተሽ ነው። ለአከራዩ ፎቶውን ስልክለት «ያለፈው እንግዳ ትቶት ይሆናል» ብሎ መለሰ።

ስለ ፓርኩ መንገዶች የተጻፈውም ትክክል አልነበረም። በሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ካሉት ከ500 ማይል በላይ የእግር መንገዶች አብዛኞቹ፣ ውሻው ከስድስት ጫማ በማይረዝም ገመድ እስከተያዘ ድረስ፣ ለውሻ የተፈቀዱ መሆናቸው እውነት ነው፤ ይህም ከብዙ ብሔራዊ ፓርኮች የተሻለ ነው። ሆኖም ለውሻ የተከለከሉ መንገዶች አሉ፤ አከራዩ ካቢኑ ውስጥ ባስቀመጠው የእንግዳ መጽሐፍ ላይ «ከውሻችሁ ጋር እንድትሄዱባቸው» ብሎ በመጀመሪያ የጻፋቸው የኦልድ ራግ ተራራ እና የዳርክ ሆሎው ፏፏቴ መንገዶች ሁለቱም ከተከለከሉት ውስጥ ናቸው። በ105 ማይሉ የስካይላይን ድራይቭ ላይ በሰዓት ከ35 ማይል በማያስበልጥ ፍጥነት እየነዳን ሄደን፣ ፏፏቴው መግቢያ ላይ ምልክቱን አይተን ተመለስን።

ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ግን መልካም ነበሩ ብል እውነቱን ነው። ባለቤቴ የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ ብላ ቡናውን በረንዳው ላይ በከሰል ቆላችው፤ ውሉ ጭስ ስለሚከለክል ዕጣኑን እንኳ ከቦርሳ አላወጣነውም። ቡቺ በረጅም ገመድ ታስሮ ቅጠል ሲያሳድድ ዋለ፤ ከጫካ በተመለሰ ቁጥር ጆሮውንና ብብቱን መዥገር እንዳይኖር እየፈተሽን እናስገባዋለን። ከመውጣታችን በፊት ሶፋውንና ምንጣፉን ይዘን በሄድነው መጥረጊያ ማሽን ጠርገን፣ ቆሻሻውን አውጥተን፣ ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ መልሰን ወጣን።

ከአራት ቀን በኋላ መልእክት መጣ። 300 ዶላሩ እንደማይመለስ፣ ምክንያቱም የውሻ ጸጉርና ሽታ መገኘቱና ውሻው ከክብደት ገደቡ በላይ መሆኑ እንደሆነ፣ በተጨማሪም የኋላው በር በጥፍር ስለተቧጨረ 180 ዶላር ከካርዴ እንደተወሰደ ይገልጻል። አብሮ የላከው ፎቶ ላይ ሶፋው የተሸፈነው በረጅም ነጭ ጸጉር ነው። ደግሜ ልናገር፤ ቡቺ ጥቁር ነው። ይህን ብጽፍለት ስለ ጸጉሩ ቀለም አንድ ቃል ሳይተነፍስ «ውሉን ፈርመሃል» ብቻ አለ።

እንዳጋጣሚ ሆኖ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ስንደርስ ክፍሎቹን አንድ በአንድ በቪዲዮ ቀርጻ ነበር፤ የኋላው በር ጭረት፣ ሰዓቱና ቀኑ ሳይቀር፣ እዚያ ላይ ይታያል። ቪዲዮውን፣ የማስታወቂያውን ምስልና የመልእክት ልውውጡን አያይዤ ለባንኬ ቅሬታ አቀረብኩ። በአሜሪካ ሕግ መሠረት የክሬዲት ካርድ ሒሳብ ስህተት ያለበት ሰው ስህተቱ የታየበት የመጀመሪያው የሒሳብ መግለጫ ከተላከለት ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ቢያመለክት ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻው እንደደረሰው ማሳወቅ፣ ቢበዛ በ90 ቀን ውስጥ ደግሞ ጉዳዩን መቋጨት ይጠበቅበታል። እኔም 180 ዶላሩ ተመለሰልኝ። ለሁለቱ አዳር የተጨመረው 150 ዶላር ግን ውሉ ላይ ፊርማዬ ስላለ አልተመለሰም። በዜል የላክሁት 300 ዶላር ደግሞ ጭራሽ መነጋገሪያ እንኳ አልሆነም፤ ፈቅጄ በገዛ እጄ የላክሁት ስለሆነ ባንኩ ሊረዳኝ እንደማይችል ነገረኝ። ዜል ራሱ የምታውቁትና የምታምኑት ሰው ካልሆነ በቀር ገንዘብ አትላኩ ብሎ ያስጠነቅቃል፤ እኛ ግን ለዕቁብ ሰብሳቢም፣ ለሠርግ መዋጮም በእሱ መላክ ስለለመድን ከእጅ ወደ እጅ ከመስጠት ለይተን አናየውም። ቤት ያከራያችሁ የማታውቁት ሰው መያዣ በዜል ከጠየቃችሁ፣ የቤቱ ፎቶ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እምቢ በሉ። ሐቀኛ አከራይ መያዣውን በተከራያችሁበት ድረ ገጽ በኩል በካርድ ሊይዝ ይችላል።

ስለ ዋጋው አጻጻፍም ልታውቁት የሚገባ ሕግ አለ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያወጣውና ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ የሚሠራው ደንብ ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ማረፊያ ማስታወቂያ ሲወጣለት ማንም ተከራይ ሊያመልጣቸው የማይችላቸው እንደ ጽዳት ያሉ ክፍያዎች ከመጀመሪያው በሚታየው ጠቅላላ ዋጋ ውስጥ እንዲካተቱ ያስገድዳል፤ የመንግሥት ግብር ብቻ ለብቻው ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ 175 ዶላር ብሎ ጀምሮ መጨረሻው ገጽ ላይ ጽዳትና አስተዳደር የሚጨምር ማስታወቂያ ገና ከበሩ የሚጠረጠር ነው። የውሻ ክፍያ ግን ውሻ የሌለውን ሰው ስለማይመለከት ከዚያ ዋጋ ውጭ ሊሆን ይችላል፤ አከራዮች የሚጫወቱትም በዚህች ቀዳዳ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ክፍያው መጠን፣ ምክንያትና ተመላሽነት የሚያሳስት ነገር መናገርን ያው ደንብ ይከለክላል፤ እኔም ለኮሚሽኑ ያቀረብኩት ቅሬታ በዚህ ላይ ያረፈ ነው።

እንግዲህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አከራዩን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ፣ ያውም በድረ ገጹ የመልእክት ሳጥን ውስጥ፣ የኪራይ ውሉን ሙሉ ቅጂ ጠይቁት። ከከፈላችሁ በኋላ ይደርሳችኋል ካለ ሌላ ቤት ፈልጉ። የውሻው ክፍያ ለአዳር ነው ወይስ ለጉዞው በሙሉ፣ ለአንድ ውሻ ነው ወይስ ለሁሉም፣ የሚመለስ ነው ወይስ የማይመለስ የሚለውን ጠይቃችሁ መልስ ተቀበሉ፤ «የውሻ ክፍያ» እና «የውሻ መያዣ» የሚመሳሰሉ ቢመስሉም ሁለተኛው ብቻ ነው የሚመለሰው። የውሻችሁን ዝርያና ክብደት እናንተው ቀድማችሁ ጻፉና «ይፈቀዳል» የሚለውን መልስ በዚያው ሳጥን ተቀበሉ። «የታጠረ» ሲባል በአራቱም በኩል መሆኑን የሚያሳይ ፎቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ስትደርሱ ዕቃ ሳታወርዱ፣ ውሻውንም ከመኪና ሳታወጡ፣ አንዳችሁ ግቡና ሶፋ ሥር፣ ማቀዝቀዣ ጀርባና የወጥ ቤት ገንዳ ሥር ያለውን ፈትሹ፤ በሮችን፣ ምንጣፎችንና ሶፋዎችን በቪዲዮ ቅረጹ፤ ስትወጡም ድገሙት። እኛ ስንወጣ አልቀረጽንም ነበር። ብንቀርጽ ኖሮ ስለ ነጩ ጸጉር እስካሁን ባልተከራከርኩ።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለሁለትና ለሦስት ቀን እረፍት አይገባም የምትሉ ደግሞ የቨርጂኒያ ስቴት ፓርኮችን ካቢኖች ተመልከቱ። እኛም ለሚቀጥለው ጊዜ የመረጥነው ፍሮንት ሮያል አጠገብ ባለው በሼናንዶዋ ሪቨር ስቴት ፓርክ ያለ ካቢን ነው። እዚያ የቤት እንስሳ በክፍያ ይፈቀዳል፤ ክፍያውም በየአዳሩ እንደሚታሰብ ከነመጠኑ አስቀድሞ ተጽፎ ይገኛል። በዜል የሚጠየቅ ነገር የለም። ችግሩ የቅዳሜና እሁድ ቀናት፣ በተለይ በኦክቶበር፣ ቶሎ ስለሚያዙ ከብዙ ወራት በፊት ማስያዝ ያስፈልጋል።

ያ የሉሬይ ካቢን ዛሬም ለኪራይ ቀርቧል። ባለፈው ሳምንት ስመለከተው ስሙ ተቀይሯል፣ የአዳር ዋጋው ወደ 160 ዶላር ወርዷል፣ የፊት አጥሩ ፎቶ ግን ያው ነው፤ ከሥሩም ግቢው በሙሉ የታጠረ መሆኑ አሁንም ተጽፏል።